በጓሮዬ ስለታሸገው ሻወር ለከንቲባችን

ለክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ትሬዝከን
የማራንቡላ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ከንቲባ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎን ከታከሙ ወዲህ ደረጃውን እንደ ኮረዳ ይወጡታል ሲሉ ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔም ገላዬን ሳልታጠብ ሦስተኛ ቀኔን ከመያዜ በቀር እጅግ ደህና ነኝ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤትን በአሥራ ሦስት ዓመቴ ተሰናብቼ ሸንኮራ ቆረጣ ስለገባሁ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይታገሱኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ ሜትር ማንበብ ግን አሳምሬ እችላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜይ ወር ቤት ውስጥ ካለው መታጠቢያ ገንዳ ስወጣ፣ ጠርዙ እስከ ጉልበቴ ነውና፣ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ጎረቤቴ ዴስሊ ክሩክሻንክ ሎሚ ልትለምነኝ እስክትመጣ ድረስም ከቁርስ እስከ ምሳ ወለሉ ላይ ተጋድሜ ቆየሁ። ልጄ ራይሊን ይህን ስትሰማ ከብሪዝበን ደውላ «አባዬ፣ ብቻህን መታጠብ ካልቻልክ ብቻህን መኖር አትችልም፤ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ መላ ካላገኘህ ዲሴምበር አንድ ቀን መጥቼ አረጋውያን መኖሪያ አስገባሃለሁ፤ ክፍልም ይዤልሃለሁ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች ከተማው ሁሉ ያውቃል።

እኔም መላ አገኘሁ። በጓሮዬ መዋኛ ገንዳዬ አጠገብ ደፍ የሌለው፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ የሆነ፣ ግድግዳው ላይ ጠንካራ መያዣ ብረት ያለው ሻወር ልሠራ ቆርጬ፣ ሥዕሉን በካላንደር ጀርባ ላይ በእርሳስ ሥዬ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ይዤ መጣሁ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. የቧንቧና ፍሳሽ ክፍልዎን አመሰግናለሁ። እኔ ሻወሩን ማንጎው ጥላ ሥር አድርጌው ነበር፤ እነርሱ ግን ከፍሳሽ መስመሩ ከአንድ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም ብለው በቀይ እስክሪብቶ አዛውረው ማኅተማቸውን መቱበት። መስመሩ የሚያልፈው በመዋኛ ገንዳው አጥር ሥር ነው። ባለፈቃዱ ቧንቧ ሠራተኛ ኖርም ሽሊክት ማኅተሙን አይቶ «ክላሪ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሸተተኝ» ሲለኝ፣ እኔ ሞኙ ማዘጋጃ ቤት ያውቃል ብዬ ሲሚንቶውን አስፈሰስኩ።

2ኛ. የመዋኛ ገንዳ ደኅንነት ክፍልዎንም አመሰግናለሁ። ሲሚንቶው በወጉ ሳይደርቅ ተቆጣጣሪው አቶ ትሪስታን መጥቶ፣ ከአጥሩ ዘጠና ሳንቲሜትር ሳይርቅ ልጅ የሚወጣጣበት ነገር መኖር ክልክል መሆኑን አስረዳኝ። ሕጉን አልነቅፍም፤ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፅ እንደማያሰማ አውቃለሁ። የሳሙና መደርደሪያዬ፣ የቧንቧው መክፈቻና መያዣ ብረቱ ግን ሦስቱም ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ። «ይህን የአራት ዓመት ልጅ ይረግጠዋል» አለኝ። በመንገዳችን በዕድሜ ትንሿ ዴስሊ መሆኗን፣ እርሷም ሰባ አንድ ዓመቷ መሆኑን ብነግረው «ሕጉ ነገ ለሚመጣው ልጅ ነው፣ አቶ ፔንገሊ» ብሎ ቧንቧውን በቀይ ወረቀት አሽጎ ሄደ። ሁለቱ ክፍሎችዎ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ናቸው፤ ተራ ስጠብቅ በወዲያኛው ሲሳሳቁ በወዲህኛው ይሰማኛል። እስኪ ከሳቁ መለስ ሲሉ ስለ ሥራም ይጫወቱ።

3ኛ. ቀጥሎ ከመሥሪያ ቤትዎ ለደረሰኝ ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የተጻፈው ካረፈች አራት ዓመት ለሆናት ለባለቤቴ ለኖሊን ነው። ምክሩም መያዣ ብረቱን ነቅለን ሻወሩን እንድንጠቀም ነው፤ ይኸውም ያልመጣው ልጅ እንዳይወጣጣ ያለው ሽማግሌ ይውደቅ ማለት እንደሆነ ተረድቼ አደንቃለሁ።

4ኛ. ሻወሩ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ሆኗል፤ አጥሩ ግን በብሎን የታሰረ ነው። ስለዚህ ከኖርም ጋር ሦስት ቅዳሜና እሁድ ሠርተን አጥሩን ወደ ገንዳው አስጠጋነው። የጠፋው መሬት ኖሊን ማታ ማታ ወንበሯን አውጥታ እግሯን ውሃ ውስጥ የምትነክርበት ጥግ ነበር። ወንበሩን አነሳሁት። ስለዚህ ነገር ሌላ አልጽፍም። አሁን ከመያዣ ብረቱ እስከ አጥሩ አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲሜትር ነው። ይህንን ለቢሮዎ በስልክ ባበስር አንዲት ትሁት ልጅ «የኔ ጌታ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ እሽጉን የሚያነሳበት የቅርቡ ቀጠሮ ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ነው» አለችኝ። ራይሊን የምትመጣው ዲሴምበር አንድ መሆኑን ብነግራት «እንግዲያው መልካም ጊዜ ከልጅዎ ጋር» አለችኝ።

እስከዚያው ማክሰኞና ዓርብ ዴስሊ ቤት እታጠባለሁ። በቦውሊንግ ክለቡ ከወዲሁ ድረውናል። እርሷ እንኳን «አንተ ሽማግሌ፣ ፎጣህን ገመዴ ላይ ካሰጣህ ደህናውን አስጣ፤ በተቀደደ ፎጣ ልታማ ነው እንዴ?» ብላኛለች። ራይሊን ግን የጎረቤት ሻወር እንደማይቆጠር አስታውቃለች።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ከዚህ ወር መጨረሻ በፊት ሜትር የያዘ አንድ ሰው ለአራት ደቂቃ ብቻ ይላኩልኝ። ይህ ካልሆነ ዲሴምበር አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀዩን ወረቀት በገዛ እጄ ቀድጄ፣ እናቴ እንደወለደችኝ ሆኜ፣ መያዣ ብረቴን ጨብጬ ውሃውን እከፍታለሁ። ቤቴ የማዕዘን ቤት ነው፤ የገንዳው አጥርም ሕጉ እንደሚያዝዘው ከመንገድ ወለል አድርጎ ያሳያል። ልጄም ሆነች መሥሪያ ቤትዎ፣ ብቻዬን መታጠብ መቻል አለመቻሌን ቆመው ይፍረዱ።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ የፋይልዎ ክምርም ይቅለል እያልኩ፣ ካልታጠበ ገላ በሚመነጭ ንጹሕ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ክላረንስ ፔንገሊ
ሚል ጎዳና 2፣ ማራንቡላ
ኖቬምበር 14

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ መስኮት
ለቦውሊንግ ክለቡ ሰሌዳ

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ በዚህ ወር መጀመሪያ በፈረስ ውድድሩ በዓል ቀን እኛን ጡረተኞች ጓሮዎ ጠርተው ስላበሉን አመሰግናለሁ፤ ሽሪምፑ ግሩም ነበር። የሥጋ መጥበሻ ምድጃዎ ግን ከመዋኛ ገንዳዎ አጥር አጠገብ ቆሟል፤ ሜትር ስላልያዝኩ በእጄ ስለካው ሁለት ስንዝር አይሞላም። ትንሿ የልጅ ልጅዎ ክዳኑ ላይ ቆማ አንድ እግሯን አጥሩ ላይ ስታሳርፍ በብብቷ ይዤ ያወረድኳት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ያኔ ስለ ከተማችን ደኅንነት ንግግር እያደረጉ ነበር። ለአቶ ትሪስታን አልነገርኩትም። ምድጃው ከባድ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከኖርም ጋር መጥተን እናነሳልዎታለን፤ እኛ ዘንድ ቀጠሮ አያስፈልግም።