ጭረቷ የጠፋባት አይሲ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሦስቱንም አይሲ አምፕሊፋየሩ ላይ ቀያይሬ በየድኩ። ዝም። ትንሽ እንኳን አያጉረመርምም።
አምፕሊፋየሩን የሠራሁት በራሴ እጅ ነው። ከሰዓት ጎረቤቴ ዑመር ሲመጣ ሬድዮውን ሰክተን ዜና የምንሰማበት። ባለፈው ሳምንት የቀኝ በኩሉ አይሲ፣ ድምፅ የምታጎላው ትንሿ ጥቁር ቁራጭ፣ ተቃጠለች። ዑመር ለንግድ ድንበር ከተማው ቶጎጫሌ ይሄድ ስለነበር ላክሁት። ቁጥሩን በወረቀት አሳምሬ ጽፌ ብሰጠው «ወረቀትህን ተወው አስር አለቃ፣ ራሷን ስጠኝ» አለኝ። ጽሑፌን ናቀብኝ። ቢሆንም የግራውን ደህናዋን ነቅዬ ለናሙና ሰጠሁት። ትናንት እሷንና ሁለት አዲስ ይዞ መጣ።
ትራንስፎርመሩ ደህና። ፊውዙ ደህና። ስፒከሩ ደህና። እጄ ነው እንዳልል፣ ይሄ እጅ በጦር ሜዳ ስንት ሬድዮ አስጮኋል።

ረቡዕ
ጠዋት ትዝ አለኝ። ደህናዋን ስነቅል በብረቷ ጀርባ በምስማር ሁለት ጭረት አድርጌባት ነበር። ወታደር ዕቃውን ምልክት ሳያደርግበት አያውስም። ማጉያ መነጽሬን አድርጌ ሦስቱንም አገላበጥኩ። ጭረት የለም። ሦስቱም ንጹሕ።
ጎረቤቴን ሳህራን የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ለመንኳት። «አባባ፣ ለማን ሊቆነጁ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ጥጥ ነክሬ የአንዷን ፊት ሳሸው ቁጥሩ ተነሥቶ ጥጡ ላይ ቀረ። የአይሲ ቁጥር እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ሦስቱም ሐሰተኛ ናቸው።
ሚስቴ ወርቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሃምሳ ዓመቴ ነው ፊደል ያስቆጠረችኝ። ያን ሁሉ የለፋሁት የተጻፈ ነገር አይዋሽም ብዬ ነበር።
የኔዋ የት ሄደች? ከዑመር በቀር በማን እጅ ገባች?

ሐሙስ
በሰዓቱ መጣ። ወንበር አልሳብኩለትም። ሻይ ግን ቀዳሁ፣ እንግዳ ነው።
«የኔን የት አደረስካት?»
«የቷን?»
«ጭረት ያለባትን!»
«ወላሂ፣ የሰጡኝን ነው ያመጣሁት።»
«ሳታያት?»
 ብርጭቆውን ሊያነሳ እጁን ቢሰድ አልፎት ሄደና ሻዩ ተደፋ። ጥፋቱ አደናገረው ብዬ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «በል ተነሥ፣ ሂድ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ።

ዓርብ
አልመጣም። ሬድዮውን ብቻውን ከፈትኩት፤ ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ዘጋሁት።
ወረቀቱን አልፈለገም። ሻዩ። ግድግዳው። ባለፈው ደግሞ ሰዓት እጁ ላይ አስሮ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎኛል። መንገድ ላይ ካልጠራሁት ሰላም አይለኝም፤ «ኮራ» ብዬ አምቼዋለሁ።
በማጉያ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቁጥር አነባለሁ። ይሄን ግን አላየሁም።

ቅዳሜ
ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጧል።
«በዱላህ አወቅሁህ፣ አስር አለቃ። ልትተኩስብኝ መጣህ?»
«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»
«ከፋሲካችሁ ወዲህ ጭጋግ ነው። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ።»
«ለምን አልነገርከኝም?»
«ብነግርህ ክንዴን ይዘህ ልታሻግረኝ ነዋ! ወታደር ሲያዝንልኝ አልወድም።»
የቶጎጫሌው ሻጭ ናሙናዋን ተቀብሎ «ይኸው እሷው ከሁለት አዲስ ጋር» አለው፣ እሱም አመነ። ዕድሜውን በሙሉ ሲነግድ ኖሮ፣ እፊቱ በሐሰተኛ ለወጡበት። 
የተቃጠለችውን፣ ቁጥሯ ያልለቀቀባትን፣ ከነዚያ ከሦስቱ ጋር መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ።
«እነዚህ በአሸዋ ወረቀት ተፍቀዋል፣ ይሻክራሉ። ይቺ ለስላሳ ናት። እውነተኛዋ ይቺ ናት?»
እውነተኛዋ እሷ ነች። እኔ ሁለት ቀን የፈጀብኝን እሱ በአንድ አፍታ።
ሰኞ አብረን ቶጎጫሌ እንሄዳለን። ለናሙና የተቃጠለችውን እንይዛለን፤ «እሷን ደግሞ ማን ይሰርቃታል?» ብሎ ሳቀ። ደህና አይሲ ይገኝ አይገኝ እንጃ። ያ ሻጭ ይኑር አይኑር እንጃ።
ንዴቴ አልወጣልኝም። ሠላሳ ዓመት ሻይ ጠጥቶ፣ ከእኔ ደበቀ።
ሻይ ቤት ስንሄድ ክንዱን አልያዝኩትም። ጠጋ ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ እሱም እንደ ቀልድ አድርጎ ያዘው።