ከግንዱ ሥር የሚጠራ

ሚያዝያ 14 ቀን 1967

መጋዙ ዶለዶመ። መካነ ሰላም ልኬ ሞረድ አስመጣሁ፤ እሱም ያለቀለት... ምን ይደረጋል።

የግንድ ድልድዩ ከክረምት በፊት ካልተጋደመ የእርዳታው መኪና ከወረኢሉ መጥቶ ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ወዲህ ያለው ሰው ደግሞ እንደ አምናው ያልቃል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለኝም። ግን የከላላና የወግዲ አገር ሰዎች አንድ ግንድ ሥር ትከሻቸውን አያገቡም።

"አምና በረሃቡ ማን ለማን በሩን ከፈተ?" አለኝ የወግዲው ገበየሁ።

እውነቱን ነው።

ሚያዝያ 19

ጉድ ነው። የከላላው ይማም ዛሬ ብድግ ብሎ ወግዲዎቹ መሃል ገባ። የግንዱ ወፍራም ጫፍ ሥር፣ ብቻውን። "ብትለቁት የምሞተው እኔ ነኝ። በሉ እንግዲህ!" ከዚያ ጮኸ፦ "ያ ረቢ!" ክርስቲያኑም እስላሙም "ሆ!" ሲል ግንዱ ተነሣ።

ገበየሁ እየሳቀ፣ "በናንተ ጸሎት አሸከምከን እኮ!"

"ክብደቱ የጋራ ነው፣ ወንድሜ።"

ሰው ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ግንቦት 1

ሌላም ግንድ ተጋደመ። ይማም ይጠራል፣ ሰው ያነሣል። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን እኔ ነኝ። ሚስቱ ሩቂያ ከወንዙ እየቀዳች ታጠጣናለች። "ፎርማን፣ ይሄ ሰውዬ ቤትም እንዲሁ ነው የሚጮኸው" አለችኝ። አፈረ። ሳቅንበት። ጥሩ ቀን።

ግንቦት 6

ዘማቾች መጡ። ምናለ የሚባለው ተማሪ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ድንጋይ ሲሸከም ውሎ እጁ ተልጧል። ጥሪውን ግን አልወደደውም። "ሃይማኖት ሕዝቡን ይከፋፍላል። 'ኢትዮጵያ' ስል ይዘጋጁ፣ 'ትቅደም' ስል ያንሡ።"

"ተው ልጄ፣ ሰዉ ለምዶታል። አንድ ያደረጋቸውም እሱ ነው።"

"ፎርማን፣ አድሃሪ አይሁኑ!"

ያቺን ቃል ዘንድሮ ማን ይደፍራታል? ጥሪውን ተውኩለት።

ግንቦት 7

ይማም ሞተ።

ግንቦት 8

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ምናለ ከዳር፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠራ። ገና "ኢትዮጵያ" ሲል የኋላዎቹ አነሡ። የፊቶቹ "ሆ" እስኪባል ይጠብቃሉ... ግንዱ ተወላገደ። ሁሉም ለቆ ዘለለ። ይማም ብቻ አልለቀቀም። የያዙለት መስሎት።

መቃብሩን ገበየሁና ወግዲዎቹ ቆፈሩ። ምናለ ማልቀስ እንኳ አቃተው፤ እጁን ያያል። ሩቂያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ማን ነበር የጠራው?"

አልነገርኳትም።

ግንቦት 16

ሰው ይመጣል፣ ግንድ አያነሣም። ከላላዎቹ "የኋላዎቹ ቸኮሉ" ይላሉ። ወግዲዎቹ "የፊቶቹ ለቀቁ" ይላሉ። ተመልሰን እዚያው።

ሩቂያ እንደገና ውሃ መቅዳት ጀመረች። ሐዘን ላይ ናት፣ ከቤት መውጣት አልነበረባትም። ስንዴዋ ግን ከዚህ ነው የሚሰፈርላት። አታናግረንም። ሰማዩ በወረኢሉ በኩል ጠቁሯል።

ግንቦት 21

ለመንኳቸው። አንድ ግንድ ነው የቀረን፣ ስለ ልጆቻችሁ አልኩ። ገበየሁ ብቻ መለሰ።

"ከዳር የሚጠራ አንሰማም። መጥራት ከፈለጉ፣ ፎርማን፣ ሥሩ ይግቡ።"

በዚህ ዕድሜዬ? ፈራሁ። ግንዱን አይደለም። ያምኑኛል ወይ? እኔስ አምናቸዋለሁ?

ግንቦት 22

ወፍራሙ ጫፍ ሥር ገባሁ። ገበየሁ ከጎኔ ገባ። ከላላዎቹም ተራ በተራ ገቡ። ምናለ ሳይጠሩት መጥቶ ከኋላዬ ትከሻውን አስጠጋ። ማንም ምንም አላለውም።

ምን ብዬ ልጥራ? ሌላ ቃል አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

"ያ ረቢ!" አልኩ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

"ሆ!"

ተነሣ። አንድ ሰው አልለቀቀም። በቦታው ተጋደመ። ድልድዩ ሞላ። እሰይ ያለ ግን የለም፤ ላባችንን እየጠረግን ቆምን።

ያኔ ከታች አንድ ነገር ሲሰበር ሰማን። ሩቂያ ናት። እንስራዋን ጥላ ዳገቱን እየሮጠች ትመጣለች፣ ሻሽዋ ወድቋል። ደርሳ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየች። ከላላዎቹን አየች፣ ወግዲዎቹን አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችና ቆመች።

"የሱ ድምፅ መስሎኝ እኮ ነው" አለች።