ያልገዛሁት በረኛ

ጌታሁን፣ ጌትዬ፣

«እንዴት ከረምክ» ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም። እኔም «ደኅና ነኝ» ብዬ አልዋሽህም፤ የውሸት ድርሻችንን አንተ በሕይወት ሳለህ ጨርሰነዋል። ከተለያየን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ዘንድሮም ዶሮውን ሠራሁ፤ ልጃችን ማርታ መጥታ ትንሽ ቀመስ አድርጋ ሥራ አለብኝ ብላ ሄደች። የተረፈውን ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ስበላው ሰነበትኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። በርገር በሚባለው መንገድ ላይ ያለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ትገዛበት የነበረው መጋገሪያ ተዘግቶ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ፎቅ ላይ ያሉት አሮጊት ጀርመን ደረጃው ላይ ባገኙኝ ቁጥር ባልሽ እንዴት ነው ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሞቷል እላቸው ነበር፤ ይረሱትና በየጊዜው እንደ አዲስ ሲያለቅሱ አላስችል ስላለኝ አሁን ደኅና ነው እላለሁ። መቃብርህ ላይ ያለው ሣር ይዟል። እዚህ ጀርመን አገር ለካ መቃብርም በኪራይ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ካላሳደሱት ለሌላ ይሰጣል። ዕድሜህን ሙሉ ተከራይ ነበርክ፣ ሞተህም ተከራይ ሆንክ። ይህን ሳስብ አገሩን ከነሥርዓቱ እረግመዋለሁ።

የተቀመጥኩት ግን ስለ ካርዶችህ ልጽፍልህ ነው።

መቼም ያ ነገርህ ለሰው ሲያወሩት ግራ ነው። ስንት ዓመት ዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ የሌሊት ሺሽት፣ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ትልቅ ሰው፣ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለበትን ካርድ ከኪዮስክ በፓኬት እየገዛ፣ ማይን ወንዝ ዳር ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያም እየለቀመ። ያውም ዝነኞቹን ቢሆን ደግ። የአንተዎቹ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ነበሩ፤ ከሁሉ የምትወዳቸው ደግሞ ተጠባባቂ በረኞቹን። ማርታ ልጅ ሳለች በጀርመንኛ ትስቅብህ ነበር። እኔ ግን አልስቅም፤ ምክንያቱን አውቃለሁ። ድሬዳዋ ሳለህ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ሁለተኛ በረኛ ሆነህ፣ ማሊያ ለብሰህ፣ ጓንት አጥልቀህ፣ አንድም ቀን ሜዳ ሳትረግጥ ወንበር ላይ ማለቅህን በተጋባን ሰሞን ነግረኸኛል። ዋናው በረኛ በታመመ ብለህ እንዳትመኝ ኃጢአት እየሆነብህ ትጨነቅ እንደነበርም ነግረኸኛል።

ሳምባህ ታሞ ከሥራ ስትቀር፣ ምድር ቤት ያለው ኬለራችን ሞልቷል፣ ልሽጣቸው አልክ። ውድ ካርድ ላለው ሰው ነጋዴው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ የአንተን ርካሽ ካርድ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ማርታ ኢንተርኔት ላይ በአደራ ተቀብሎ የሚሸጥ ድርጅት አገኘችልህ። ካርዱን በካርቶን ትልክላቸዋለህ፤ እነሱ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስተው ያወጡታል፣ ዋጋውን አንተ ትተምናለህ፣ ሲሸጥ ድርሻቸውን ቆርጠው የቀረውን ይሰጡሃል። ለሳንቲም ካርድ ያ ሁሉ ጣጣ። አንተ ግን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርገህ፣ ልጁን ወደ ሰው አገር እንደሚሰድድ አባት ሆነህ ነው የሸኘሃቸው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት፣ ከሰዓት ኮምፒውተሩ ፊት። የሚገዛ የለም። አንድ ቀን መነጽርህን አውልቀህ፣ እነሱም እንደኔ ወንበር ላይ ቀሩ አልክ። ሾርባውንም ሳትነካው ገፋኸው። አንጀቴን በላኸው፣ ጌትዬ።

በዚያው ሰሞን ነው ሐኪሙ እንደማትተርፍ ለእኔና ለማርታ የነገረን። እባክህ ለእሱ እንዳትነግረው ብዬ ለመንኩት፤ ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ፋይልህን ገለጠ። እኛ ዘንድ ለታማሚ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ሰው ተስፋ ከቆረጠ ከቀኑ በፊት ይሄዳል። ለጓደኛዬ ለብርቄም፣ ለቄሱም፣ ሊጠይቅህ ለሚመጣው ሁሉ አስጠነቀቅኩ። ሰው ሁሉ እየገባ ፊትህ ተመልሷል፣ ትድናለህ ይልህ ነበር። አንተም አሜን ትላለህ።

ካርዱን መግዛት የጀመርኩት ያኔ ነው። ብርቄ አብራኝ ቢሮ የምታጸዳው፣ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ያለችው ናት፤ በእሷ ስም ለገዢነት ተመዘገብን፣ በእሷ አድራሻ። መጀመሪያ አንድ ገዛሁ። ወጥ ቤት ሆኜ፣ ተሸጠ ብለህ የጠራኸኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን ዕለት ሾርባህን ጨርሰህ ዳቦ ጨመርክ። ሌላ ገዛሁ። ፖስታው ብርቄ ቤት ይደርሳል፣ እሷ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ትከተዋለች፣ እኔ ቤት መጥቼ እንኳን ደስ ያለህ እልሃለሁ። አንተ ደግሞ ገበያው ደራ ብለህ ዋጋ ጨመርክ! ወገቤ እስኪቆረጥ ወለል ጠርጌ ያመጣሁትን፣ ቁጭ ብለህ እኔው ላይ ታስወድድብኝ ጀመር። ብርቄ ኡ-ባን ባቡሩ ውስጥ፣ ባልሽ ነጋዴ ይወጣዋል ስትለኝ ሰው እስኪያየን ሳቅን። ከዚያ ወርደን ጣቢያው ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።

አጠፋሁ አልልህም። ዛሬም ቢሆን እገዛቸዋለሁ።

አርባህ ካለፈ በኋላ ማርታ ወረቀትህን ልታመጣ ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሙን አገኘችው። አባቴ ሳናስታውቀው ሄደ ብላ አለቀሰችለት። እሱ ግን፣ አባትሽ ከእናንተ በፊት ያውቅ ነበር፤ ብቻውን ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዞ መጥቶ ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ፤ ለሚስቴና ለልጄ እንዳትነግራቸው ብሎ ለምኖኝም ነበር አላት። ጉድ እኮ ነው። እኛ ከአንተ ስንደብቅ አንተ ከእኛ። ያ ሁሉ ትድናለህ፣ ያ ሁሉ አሜን። ማን ማንን ሲያስታምም እንደነበር እንጃ።

እኔ ግን ማርታ ስትነግረኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ሆስፒታል የገባህ ሰሞን ያልከኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር። ያኔ ከላክሃቸው ካርዶች ሳይሸጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ያ አረንጓዴ ማሊያ የለበሰው፣ ጥጉ የታጠፈው ተጠባባቂ በረኛ። በማግስቱ ልገዛው አስቤ ነበር። አፍህ ላይ ያለውን ጭንብል በገዛ እጅህ ገለጥ አድርገህ፣ እጄን ያዝክና፣

«ወይንዬ፣ በረኛውን ግን እንዳትገዢው። እሱ ይጠብቅ» አልከኝ።

ምን አልክ አላልኩህም። እንዴት አወቅክ አላልኩህም። የብርቄን ፊት አይተህ ይሆናል፤ እሷ ውሸት አይሆንላትም። ብርድ ልብስህን አስተካከልኩ፣ አንተም ዓይንህን ጨፈንክ፣ በዚያው ቀረን። ሁሉን እያወቅክ ነው ለካ ተሸጠ እያልክ ትጠራኝ የነበረው። ያን ሾርባ ለእኔ ብለህ ነው የጠጣኸው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የቀረውን አታውቅምና ልንገርህ። ሰልስትህ አልፎ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ኮምፒውተርህን አጥፍቼ ላነሳው ስል ከድርጅቱ መልእክት አየሁ። በረኛው ተሸጧል። ብርቄን ጠየቅኳት፤ እኔ አይደለሁም ብላ በልጆቿ ማለች። ማርታ ጭራሽ መኖሩንም ረስታዋለች። ማን እንደገዛው ድርጅቱ አይናገርም። አንድ የማናውቀው ሰው ነው፤ መታመምህን ያልሰማ፣ ለእኛ ብሎ የማያዝን፣ እንዲያው ወድዶት የገዛ። አንተ ካረፍክ በኋላ ነው የመጣው። ምን ነበረበት ትንሽ ቢቀድም፣ ወይ አንተ ትንሽ ብትቆይ። ለቅሶው ላይ ሰው እየያዘኝ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል እየተባለ ያፈንኩትን ጩኸት ያን ቀን ኬለር ወርጄ ጮህኩት።

ሌሎቹን ከብርቄ ቤት አምጥቼ ኬለር ያለው መደርደሪያህ ላይ መልሻቸዋለሁ። እኔ ስሞት ማርታ አውጥታ ትጥላቸው ይሆናል፤ አልፈርድባትም። እስከዚያ ግን በየሙት ዓመትህ ወርጄ በዚያው በጨርቅህ እጠርጋቸዋለሁ፣ የመቃብርህንም ኪራይ በሕይወት እስካለሁ አሳድሳለሁ። የበረኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ማንንም አላስቀምጥበትም። አንተን ሳስታውስ እሱን ነው የማስታውሰው፣ የሆነ የማላውቀው ሰው ቤት፣ በተርታ ሳይሆን ለብቻው ተቀምጦ።

እኔ አልገዛሁትም፣ ጌትዬ። ሰው ነው የገዛው።

ወይንሸትህ