አባታችን በቡኑሆ ደጅ አለፈ

የእናቴ ልጅ፣ ወንድሜ ኤስሙርዛ፤

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ከማዕድን ጉድጓዱ ያመጣኸው ሳል ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ እየደበቅከኝ ነው? ሚስትህ ሀዲ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎዳን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው። የልጆቼ አባት የኅብረት እርሻውን በጎች ይዞ ስለወጣ፣ በጋውን የምናሳልፈው እዚሁ ተራራ ላይ፣ በገዛ መንደራችን በጎርስቴ ነው። ሰው ተመልሶ እንዳይኖርበት ተከልክሏል፤ ለበጎቹ ግን ፈቅደዋል። እንግዲህ በበግ ሰበብ አገራችንን አየን።

መንደሩን ብታየው አታውቀውም። ጣሪያ የተረፈው ቤት የለም። ወንዛችን አሳ ያው ነው፣ ከታች እየጮኸ ይወርዳል። ግንቦቹም ቆመዋል። የኛው ጫፉ ላይ ተፈንክቷል እንጂ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ቅድመ አያቶቻችን ዓመት ሳይሞላው ካልጨረስነው ስማችን ይጠፋል ብለው እንዴት ተጣድፈው እንዳቆሙት አባባ ሲነግረን ትዝ ይልሃል? የጥንቶቹ ሙታን የድንጋይ ቤቶችም ከመንደሩ በላይ እንዳሉ ናቸው። ከመቃብሩ ግን ብዙውን የራስጌ ድንጋይ ነቅለው ለመንገድ ሥራ ወስደውታል። ከምድጃችን በላይ ድስት የምንሰቅልበትን፣ የቤታችን ክብር የነበረውን ሰንሰለትም አላገኘሁትም። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ስለ አባባ ቀብር ወደ ጠየቅከኝ ነገር ልግባ። የአባባን አፅም ካዛክስታን ላይ አንተው ቆፍረህ አውጥተህ፣ ሳጥኑን እስከ ባቡሩ ሸኝተህ፣ አንተ ግን "ሥራ አይለቀኝም" ብለህ ቀረህ። ሥራው እንዳልሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በቡኑሆ ደጅ ነው የሚያልፈው። ቡኑሆም እንደኛው በጎች ይዞ ወጥቶ የራሱ ግንብ ሥር ተቀምጧል።

እኔ ከግዞቱ በፊት ያን ቀን የሆነውን ረስቼው አላውቅም። ጣሪያችንን ስታድስ አሮጌውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ታች ሳትጣራ ለቀቅከው፤ የቡኑሆን ልጅ ኢድሪስን በዚያ ሲያልፍ አናቱን መታውና ሞተ። ደም ደም ነው፣ ሳይታሰብም ቢሆን። አባባ ሽማግሌ ላከ። መልሱ ሳይመጣ በረዶው ላይ ወታደሮቹ መጡና ሁላችንንም፣ ባለ ደሙንም ባለ ዕዳውንም፣ በአንድ ባቡር ጭነው ካዛክስታን ለግዞት ወሰዱን። ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

የልጆቼ አባት ሳጥኑን ይዘው፣ የቡኑሆን ደጅ ሸሽተው በገደሉ ዞረው ሊያልፉ ከተሸካሚዎቹ ጋር ተማክሮ ነበር። ገና ከግንባችን ሳይርቁ ቡኑሆ በትሩን ተመርኩዞ መንገዱ ላይ ቆመ። እኔ ደጃፋችን ላይ ሆኜ አየዋለሁ። እሱ ግን አባባን በስሙ ጠርቶ "ሶሳርኮን እንደ ሌባ በገደል ልታዞሩት ነው? እኔ ሳልሞት? በደጄ አሳልፉት!" አላቸው። ከዚያ በትሩን ለአንዱ ሰጥቶ የሳጥኑን አንድ ጥግ ራሱ ያዘ። አባባን ከኢድሪስ ራስጌ እምብዛም ሳይርቅ ቀበሩት። እኛ ሴቶች ወደ መቃብር አንሄድም፣ ታውቃለህ፤ ከበራችን ሆኜ ጀርባቸውን አየሁ።

ሲመለሱ ቡኑሆ ደጃችን ቆመ። አልገባም፣ ውሃም አልጠጣም። እንዲህ አለኝ፦ "ዛቢዳት፣ አባትሽ አገሩ ገባ። አሁን ወንድምሽ ይምጣ። ልጄን የገደለው ድንጋይ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ያቃጠለኝ ግን የወንድምሽ ሸሽቶ መቅረት ነው። እኔ በሕይወት ሳለሁ ይምጣ። ልጆቼ እንደኔ አይታገሡም።"

ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ይንቀጠቀጣል። "ምላጭ የምይዝበት ጊዜ እያለፈብኝ ነው፤ ከዘገየ ሳላስበው አንገቱን እቆርጠዋለሁ" አለኝና ፈገግ አለ።

የደም ዕርቁን ሥርዓት እኔ ላስተምርህ አልችልም። ፀጉርህም ጺምህም ፊትህን እስኪሸፍኑት አድገው፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ቀድመው፣ አንገትህን ደፍተህ ትመጣለህ። የሟች አባት በገዛ እጁ ይላጭሃል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ነህ። ምላጩ አንገቴ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ቢለውጥስ ትለኝ ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል። ማንም ዋስ ሊሆንህ አይችልም። ግን የጠላቱን ሳጥን የተሸከመ ሰው ነው፤ እኔ አምኜዋለሁ። ካልመጣህ ግን ዕዳው ለልጆችህ ይተርፋል፤ እነሱ ደግሞ ድንጋዩን አልጣሉም።

ሀዲን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ ለአርታጋን፣ አክስትህ ግንባችንን ታሳይሃለች በለው። ለትንሿ ለሊዛ የበግ ጠጉር ካልሲ ሠርቼላታለሁ። ለአሮጊቷ ጎረቤታችሁ፣ በዚያ ብርድ ወራት ዳቦዋን ላካፈለችን፣ እጇን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የልጆቼ አባትና ልጆቼም ሰላም ይሉሃል።

ከዛሬ ጀምሮ ምላጭ አትንካ። የሥራ ጓደኞችህ ቢስቁብህ ይሳቁ። ሀዲ ስለ ጺምህ ከጠየቀችህ ይህን አንብብላትና፣ የመንገድ ስንቅህን ታሰናዳ።

እህትህ ዛቢዳት
ጎርስቴ፣ ጁላይ 12 ቀን 1958