ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መኪናው ውስጥ

ሰሜን ሚሺጋን
ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 11

ውድ ልጄ ማርሊስ፣

እናንተ ጋ በጋ ነው አሉ። እዚህ በረዶው የፖስታ ሳጥናችንን ውጦታል፤ ይህን ወረቀት ለመላክ መጀመሪያ ሳጥኑን ቆፍሬ ማውጣት አለብኝ። ኒውዚላንድ ድረስ ደብዳቤ መጻፍ በዚህ ዘመን የሥራ ፈት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ደውለሽ «እማዬ እንዴት ናት?» ስትይኝ ግን አፌ ቀድሞኝ «ደህና ናት» ይላል። እሷም አጠገቤ ቆማ «ስለ ማን ነው የምታወራው?» ትለኛለች። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የዋሸሁትን ላውጣ። የእናትሽን እጅ የእንፋሎት መታጠቢያችን የሳውናው ምድጃ አላቃጠለውም። ውርጭ ነው የመታው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች፣ የቀለበቷና ትንሿ፣ ጫፋቸው ተቆርጧል። ቁስሉ ደርቋል፤ አያማትም። መጀመሪያ ሰሞን ጣቶቿ የት እንደሄዱ በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። በየቀኑ እነግራታለሁ፤ በየቀኑ አዲስ ሆኖባት ትደነግጣለች። አሁን መናገሩን ትቼዋለሁ። «የድሮ ነገር ነው» እላታለሁ፤ እሷም «እንዲህ ከሆነ ይሁን» ብላ ትተወዋለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ሳታቋርጪ አንብቢው።

እሳት አደጋ ጣቢያችን ያለውን ካሜራ ታስታውሺዋለሽ፤ ትልቅ የእጅ ባትሪ የሚያህለውን። ሙቀት ነው የሚያየው። ጭስ ይሁን ጨለማ ግድ የለውም፤ የሞቀው ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ጥቁር ይሆናል። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣልን የምጫወተውንም ጨዋታ ታውቂዋለሽ። ካሜራውን አስይዤ ጣቢያው የመስታወት በር ፊት አቆመዋለሁ። «ከበሩ ወዲያ ስንት ሰው አለ?» እለዋለሁ። «አንድ» ይላል። «በል እንግዲህ ሰላም በለው።» እጁን ያነሳል፤ ያኛውም ያነሳል፤ ከኋላው የቆሙት በሳቅ ይሞታሉ። ካሜራው መስታወት አሻግሮ አያይም፤ የራስሽን ሙቀት መልሶ ያሳይሻል እንጂ። ቀጥዬ አንድ ሰው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አስቀምጣለሁ። «መኪናው ባዶ ነው?» «ባዶ ነው።» «በእጅህ ሳትከፍተው ባዶ ነው አትበል።» ይህችን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተናግሬያታለሁ። ያቺ የክፍል ጓደኛሽ ታሚ እንኳ በመጀመሪያ ቀኗ ለራሷ ምስል «እመቤቴ፣ ቶሎ ይውጡ» ብላ ነበር። እስካሁን ይቀልዱባታል። አሁን እኔን ተክታ የጣቢያው ኃላፊ እሷ ናት።

ባለፈው ዓመት አዲስ ካሜራ ሲገዙ ታሚ አሮጌውን ይዛልኝ መጣች። እናትሽ መጥፋት የጀመረችበት ሰሞን ነበር።

«አለቃ፣ ይህ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አላወቅንም። ቤትዎ ያቆዩትና ይሞክሩልን» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እኛ ምን አስቸኮለን።»

ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ካሜራውን ተቀበልኳት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ካሜራው ልቤን አሳብጦት ነበር። እናትሽ በባዶ እግሯ ስትነሳ የእግሯ ሙቀት ለትንሽ ጊዜ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ እሱን ተከትዬ ወጥ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ደረጃው ሥር አገኛታለሁ። በመከር አንዴ ከግቢው ወጥታ ጫካው ዳር ደርሳ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደ መብራት ቦግ ብላ ታየችኝ። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቤት አይሆንም፣ መጦሪያ ቤት ይፈልጉላት ስትለኝ በሆዴ ሳቅሁባት። ይህ በእጄ እያለ እንዴት ትጠፋኛለች አልኩ።

ጃንዋሪ ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ነው። እንደ ወትሮው ቅዳሜ ሳውናውን ለማሞቅ ከስምንት ሰዓት በኋላ ወጣሁ። እናትሽ ወጥ ቤት ተቀምጣ ያንን አንቺ የምትወጂውን ሄል ያለበትን ዳቦ በወረቀት ትጠቀልል ነበር። «ለማን ነው?» ብላት «አንተን አይመለከትህም» አለችኝ። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ አልያያዝ አለኝ። ሃያ ደቂቃ የቆየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ስመለስ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። የፊት በሩ ላይ ቃጭል አስሬበታለሁ፤ የኋላው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። በምድር ቤቱ በኩል ወጥታለች። እኔ ያንን በር መኖሩንም ረስቼው ነበር፤ እሷ አልረሳችውም።

መጀመሪያ ታሚ ጋ መደወል ነበረብኝ። አፍሬ አልደወልኩም። ቤቱን እንደሚቃጠል ቤት ፈተሽኩት፤ ቀኝ እጄን ከግድግዳው ሳላነሳ፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመታጠቢያው መጋረጃ ጀርባ። ከዚያ ወጣሁ። ነፋሱ በረዶውን እያነሳ ዱካዋን ደፍኖታል፤ አሥር እርምጃ ወዲያ ያለው አይታይም። ካሜራውን ግቢው ዙሪያ አዞርኩት። ዛፉ ጥቁር፣ የማገዶው ቤት ጥቁር፣ ፒክአፑ ጥቁር። ፒክአፑ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ማርሊስ። በመስኮቱ ላይ ደግኜ አይቼዋለሁ። ቀዝቃዛ ነው አልኩና አለፍኩት።

ሳውናው በር ላይ አገኘኋት።

የልብስ መቀየሪያው በር መስታወት ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ውስጥ ብትወድቅ ከውጭ እንዳያት ብዬ እኔው ነኝ ያስገባሁት። ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ሆና ቆማለች፤ አንድ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። እያለቀሰች ነው አልኩ። ነርሷ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ አይጩሁባት፣ አይያዟት፣ ራቅ ብለው ቆመው በለሆሳስ ያናግሯት፣ ራሷ ትመጣለች ብላኛለች። ስለዚህ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ካሜራውን ከዓይኔ አላወረድኩም፣ እንዳትጠፋኝ።

«አይሊ፣ እኔ ነኝ። አልተቆጣሁም» አልኳት። ዝም ስትለኝ ሌላ ነገር መጣብኝ። ደክሞኛል አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም። «አንዳንድ ቀን ጠዋት አንቺ ሳትነቂ ጋራዡ ውስጥ ገብቼ አለቅሳለሁ፤ አንድ ቀን ማን መሆኔን ጨርሰሽ ስትረሺ ምን እንደምሆን አላውቅም» አልኳት። ቆማ ሰማችኝ። ከብዙ ወራት በኋላ እስከ መጨረሻው ቆማ ስትሰማኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ እጄን አነሳሁላት፤ እሷም አነሳችልኝ። እናትሽ ለሰላምታ እጅ ማንሳት ከተወች ዓመት አልፏታል። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም።

በረዶው ዓይኔን ሲሞላው ለመጥረግ ካሜራውን አወረድኩት። መስታወቱ ላይ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ቆሟል።

ካሜራው ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ስምንት ደቂቃ ቆሜያለሁ።

ያን ጊዜ ደወልኩ። ታሚ ከሁለት ሰዎች ጋር በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ካሜራም አላወጣችም። በቀጥታ ወደ ፒክአፑ ሄዳ በሩን በእጇ ከፈተችው።

እናትሽ በሹራብና በቤት ጫማ፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ግራ እጇ ላይ ጓንት አለ፤ በራቁት ቀኝ እጇ ዳቦውን ይዛለች። ወረቀቱ ከጣቶቿ ጋር ተጣብቆ ነበር። ታሚን ስታይ ፊቷ ፈካ።

«ታሚ፣ የኔዋስ? የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ አብራሽ አልነበረችም?» አለቻት።

ታሚ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የራስ ቁር አድርጋለች። እንዴት እንዳወቀቻት አልገባኝም።

«ከኋላዬ ናት፣ ሚስስ ካንጋስ። እየመጣች ነው» አለች ታሚ፤ ጃኬቷን አውልቃ ጠቀለለቻት።

«ሁሌ መጨረሻ ትወርዳለች፤ ቦርሳዋን ትረሳለች» አለች እናትሽ። ከዚያ ሆስፒታል ወሰድናት።

ሐኪሙ ጣቶቹ የሄዱት ቀደም ብሎ ነው፣ ስምንቱ ደቂቃ ለውጥ አያመጣም ነበር አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ለሽማግሌ መዋሸት ያውቅበታል። እኔ መኪናውን ባየሁ ጊዜ በሩን በእጄ ብከፍተው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ይቀዳል፤ ድምፅም ይቀዳል። ጣቢያ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ሁሉም ተቀምጦ የተቀዳውን ያያል፤ ማን ምን እንደሳተ በግልጽ ይነገራል። ይህን ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስንቱን ጎረምሳ ፊቱን አቅልቼበታለሁ። ስለዚህ ሰኞ ካሜራውን ይዤ ሄድኩና ለታሚ «በይ አሳዪያቸው፤ ይማሩበት» አልኳት። ብቻዋን ቢሮዋ ይዛው ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አለቃ፣ ካርዱ ተበላሽቷል። ምንም አልቀዳም» አለችኝ።

ካርዱ ምንም አልሆነም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ባለው መጦሪያ ቤት ክፍል ተገኝቷል፤ የምትገባው ኤፕሪል አንድ ነው። ባለፈው ሰኞ ፈርሜያለሁ። ሳልነግርሽ በመፈረሜ ልትቀየሚኝ ትችያለሽ። ብነግርሽ ግን አንቺም አልቅሰሽ እሺ ከማለት በቀር ምን ታደርጊ ነበር? ቦታው ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ነዋሪዎቹ አያውቁትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስሰብር ኖሬ በእናትሽ ላይ በር የሚቆልፍ ወረቀት ፈረምኩ። ቅጹ ላይ «የምትወደው ነገር» የሚል መስመር አለ። ብዙ አሰብኩና «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ የሚታይበት መስኮት» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ አንብባ «ቴሌቪዥን ብለን እንሙላው?» አለችኝ።

እስከዚያው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ድሮ ከትምህርት ቤት በምትመለሺበት ሰዓት፣ ካፖርቷን አልብሼ፣ ጓንቷን ሁለቱንም አድርጌላት፣ ፒክአፑን አሙቄ አብረን እንቀመጣለን። መንገዱን እናያለን። ትናንት «ሹፌሩ ዛሬ አረፈደ» አለችኝ።

«በረዶው ይሆናል።»

«አንተ ለሰው ሰበብ አታጣም።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዞራ አየችኝና «ሚስት አለህ?» አለችኝ።

«አለችኝ።»

«ምን ዓይነት ናት?»

«ጨቅጫቃ ናት።»

«ቻላት እንግዲህ» ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፤ በዚያ በተቆረጠው እጇ።

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን «ነገ ትመጣለች» እላታለሁ፤ እንገባለን።

ነይ ብዬ ልጠራሽ አይደለም። ሥራ አለሽ፤ መንገዱም የዓለም ዳርቻ ነው። ደግሞም ባለፈው መጥተሽ ሳለ እናትሽ በአክስትሽ ስም ስትጠራሽ በረንዳው ላይ ያለቀስሽውን አልረሳሁትም። ሻንጣሽን ሦስት ቀን ቀድመሽ ስትዘጊም ለምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ አልተቀየምኩሽም። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብላኛለች። ከዚያ እስከ ኤፕሪል አንድ አምስት ሳምንት ይቀራል። እንዲያው ቆጥሬው ነው።

ምናልባት ግን በሆነ ምክንያት ወደዚህ የሚያመጣሽ ነገር ቢገጥምሽ፣ በቤቱ በር አትግቢ። ከአየር ማረፊያው ታሚ ታመጣሻለች፤ መታጠፊያው ላይ፣ አውቶቡሱ ያወርድሽ የነበረበት ቦታ ላይ ታውርድሽ። ቦርሳሽን አንግተሽ በእግርሽ ነይ። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን። እኛ መኪናው ውስጥ ነን። በእሷ በኩል ያለውን በር ክፈቺው፤ መስታወቱ ጉም ስለሚይዘው ከውጭ ባዶ ይመስላል፤ አንቺ ግን ክፈቺው። ምናልባት አታውቅሽ ይሆናል። ምናልባት አንቺን አልፋ ከኋላሽ ትንሿን ልጅ ትፈልግ ይሆናል። አይክፋሽ። «ቦርሳዬን ረስቼ ነው ያረፈድኩት» በያት። እሷ ጠጋ ትልልሻለች፤ ድሮም ሦስታችን በዚያች ወንበር እንበቃ ነበር።

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ቤትሽን ሙቀት አያሳጣው። የምትወጂው ሰው ሁሌ በእጅሽ ርቀት ላይ ይሁንልሽ።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዳቦው በእጇ ነው።

አባትሽ፣
ሬይኖ