የአቃቂን አሸዋ በልክ ያስወጡ የነበሩት የአቶ ወልደየሱስ ዱጉማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደየሱስ ዱጉማ ከአባታቸው ከባቡር ሐዲድ ሠራተኛው ከአቶ ዱጉማ ሮሪሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳሲቱ ገመቹ በ1936 ዓ.ም. አቃቂ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1960 ዓ.ም. ወይዘሮ ወርቅነሽ ተስፋሚካኤልን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ጌዲዮንንና ሊዲያን ወልደዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከፋብሪካው ሲሰናበቱ፣ እንደሳቸው ሥራ ያጡትን አሰባስበው የአሸዋ አውጪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ሕጋቸው ጥብቅ ነበር። ወንዙ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ፌሮ ተክለው፣ አሸዋው ከቀለሙ በታች ሲወርድ አካፋ ያስጥላሉ፤ ክረምት የሚያመጣውን ያስጠብቃሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር ሥር ያለውን ዳርቻ ግን በበጋም አያስነኩም። ወጣቶቹ «ሽማግሌው ወንዙን ወለዱት እንዴ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አብረው ይስቃሉ፤ ሕጉ ግን አይላላም።

ወይዘሮ ወርቅነሽ በ1995 ዓ.ም. አርፈው እዚያው መቃብር በወንዙ በኩል ተቀበሩ።

በ2000 ዓ.ም. እድራችን ለመቃብሩ የግንብ አጥር ሊያሠራ ሲነሳ፣ አሸዋው ሁሉ ለኮንዶሚኒየም እየተጫነ ጠፋ። የእድሩ ሰዎች «ለሙታን ማደሪያ ነው፣ ከሥሩ እንውሰድ» አሏቸው። እምቢ አሉ። «የሚስትዎን መቃብር ከጅብ ማስከለል ይጠላሉ?» ሲባሉ ግን ይሉኝታ ያዛቸውና ፌሮውን በገዛ እጃቸው ነቅለው ከመቃብሩ ሥር አሸዋ አስወጡላቸው። አጥሩ አማረ። ከዚያ ወዲህ «ለእድር የተፈቀደው ለምን ለእኛ ይከለከላል?» የሚላቸውን ሁሉ መከልከል አቃታቸው። ማኅበሩ ተበተነ፤ ገልባጭ መኪና ቀን ከሌት ገባ፤ ስካቫተርም ተከተለ። ዳርቻው በየክረምቱ እየተናደ፣ ካምና ጀምሮ ግንቡ ወደ ወንዙ አዘንብሏል።

ይህ ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። እኔ የወንድማቸው ልጅ ማህሌት ለቀብር ቀን አይሆንም ብዬ ብከራከር ተቆጡኝ።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ከባለቤታቸው ጎን ለመቀበር ተመኝተው ነበር፤ ሆኖም ግንቡ አጠገብ ያለው መሬት በዚህ ሳምንት ስለተሰነጠቀ በላይኛው በር በኩል እንዲያርፉ ሆኗል። ሸኚዎች ከተወጠረው ገመድ አልፋችሁ ወደ ታች እንዳትወርዱ ቤተሰቡ አጥብቆ ይለምናል። የወይዘሮ ወርቅነሽን አጽም ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም ለማንሳት አስበናል።

እግዚአብሔር የአቶ ወልደየሱስን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ የወይዘሮ ወርቅነሽንም አፈር እስከ መስከረም ያቆይልን።