የቤትህ ድንጋይ

ውድ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ሳልልህ ልጀምር፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔ ልቅደም። ዛሬ ጠዋት የቤትህን ድንጋይ ሰጠሁት። አዎ፣ ቤት እሠራበታለሁ ብለህ የላይኛው ማሳ ጥግ የከመርከውን። ጎህ ሲቀድ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ሰው ሁሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ፣ እርከኑ እኛ ማሳ ላይ ሲደርስ ድንጋይ አለቀ። በቃ እንዲህ ነው የሆነው።

በቅደም ተከተል ላስረዳህ፣ ታውቀኝ የለ።

አንደኛ፣ ዘንድሮ መንደሩ በሙሉ ተዳፋቱን በእርከን ለማሰር ተስማማ። አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ወንዝ ገባ፤ አምና የበቆሎው ሥር ተገልጦ ጥርሱን አግጦብን ነበር። ስለዚህ ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ማሳ እያገዘ መሥራት ጀመርን።

ሁለተኛ፣ ያላለቀ እርከን ከምንም ይብሳል። ከግራም ከቀኝም የታገደው ውሃ ክፍት ወደቀረው ቦታ ነው የሚሮጠው። ክፍቱ ደግሞ እኛ ማሳ ላይ ነው። ከሥሩ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ከነልጆቿ። የተቀደደ ሱሪህን በነፃ ስትሰፋልህ የኖረችው።

ሦስተኛ... ሦስተኛውን ረሳሁት።

ድንጋይ የምናመጣው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ሌሊት ሞልቶ አላሻግር አለ። ሁሉም ቆመ። አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልጠየቀኝም፣ ዓይናቸው ግን ክምሩ ላይ ነበር። አናጺው እንደምታውቀው ምላሱ አያርፍም።

«ጋሼ፣ ያ ቤት በሩ በየት በኩል ነው? ስንገባ እንዳንሳሳት ብዬ ነው» አለኝ። ሰው ሳቀ።

«ባለቤቱ ሲመጣ ያሳይሃል» አልኩት።

«ሲመጣ!» አለ።

ልጄ፣ ያቺ «ሲመጣ» እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። ስትሄድ «አባባ፣ ከዚህ ክምር ጠጠር እንዳይነካ፣ ተመልሼ ነው የምሠራበት» አልከኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። እስከ ዛሬ ዶሮ እንኳን አላስወጣሁበትም። አሁን ብሰጠው፣ አትመጣም ብዬ ያመንኩ መሰለኝ። እንዳልሰጥ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ከነልጆቿ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ አልጋ ላይ ስታወጣ በበሯ በኩል አያታለሁ። አንድ ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈ።

«አንሱት» አልኩ። «አንሱት እንጂ! ምን ይገትራችኋል?»

መጀመሪያ የተሸከመው አናጺው ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለቀልድ ነው...» አለኝ።

«አውቃለሁ። ጫፉን ያዝ።»

እናትህ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ትጮህብኛለች ስል፣ ለበርህ ደፍ ብለህ ራስህ የጠረብከውን ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጣ ቁጭ አለችበት።

«ይሄን የሚያነሳ እኔንም ተሸክሞ ይሂድ!»

ገመድ እየወጠረ እርከኑን የሚያስተካክለው ሰውዬ፣ «እትዬ፣ እርስዎን ከጨመርንበትማ ጎርፉ ራሱ ፈርቶ ይመለሳል» አላት። ሳቀች። አልተነሳችም ግን።

የመጨረሻውን ድንጋይ ስንጥል ዝናቡ ወረደ። እኔ እዚያው ቆሜ ተደበደብኩ። ውሃው እየጋለበ መጣ፣ እርከኑ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ትንሽ አሰበና ከጎን ወደቆፈርነው ቦይ ዞረ። ይኸው ካባራ ወዲህ የስፌት መኪናዋ ሲያንቀጫቅጭ ይሰማኛል።

ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔ ግን የማስበው አንተን ነው። ትቆጣ ይሆን? ተቆጣ፣ እችለዋለሁ። የምፈራው «ምንም አይደል አባባ፣ አያስፈልገኝም» እንዳትለኝ ነው።

ወንዙ ሲጎድል ከማዶ እየተሸከምኩ እተካዋለሁ። አናጺውም አግዛለሁ ብሏል፣ ምላሱ ካላደከመው። አንተ ብቻ በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ጻፍልኝ።

አባትህ

ደፉ አለ፣ እናትህ ቤት አስገብታዋለች። የሌላው ድንጋይህ ዕዳ ግን ገና አለብኝ።